መኪናውና ሕክምናው፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የአምቡላንስ አገልግሎት ላይ የቀረበ ሂስ

አምቡላንስ የሚለው ቃል በ1928 ዓ.ም. የጦርነት ወራት በኢትዮጵያ ምድር ሲነገር የሚያመለክተው መኪናን ብቻ አልነበረም። የስዊድን አምቡላንስ፣ የእንግሊዝ አምቡላንስ፣ የኖርዌይ፣ የፊንላንድ፣ የሆላንድ ወይም የግብፅ አምቡላንስ ሲባል፣ ሐኪምና አስታማሚ፣ ድንኳንና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ፣ መድኃኒትና ይህን ሁሉ የሚያደርስ መጓጓዣ ተሟልተው ቁስለኛው ወዳለበት የሚሄዱበት ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ማለት ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ገና ዓመት ሳይሞላው አብሯቸው የተሰለፈው እነዚህ ቡድኖች የከፈሉት ዋጋ በታሪክ ተመዝግቧል። በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ይመራ የነበረው የስዊድን አምቡላንስ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶሪያ ወንዝ አጠገብ በመልካ ዲዳ በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። የእንግሊዙ አምቡላንስም በየካቲት ወር በቆረም ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው፤ መሪው ዶክተር ጆን ሜሊ በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ ቁስለኞችን በመርዳት ላይ ሳለ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ከእነዚያ ወራት በሕዝብ ትዝታ ጎልቶ የቀረው የቦምቡ ድብደባ ነው። ከቃሉ ትርጉም ጋር የጠፋው ነገር ግን እምብዛም አይነሣም። የፈረንሳዩ የጦር ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ «በራሪ አምቡላንስ» የሚባለውን ሲያደራጅ ፍሬ ነገሩ ፈረሶቹና ሠረገላው አልነበሩም፤ ቁስለኛው ጦርነቱ እስኪያበቃ ሜዳ ላይ ተጥሎ ከመጠበቅ ይልቅ ሐኪሙ ወደ እርሱ መቅረቡ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ በአንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ቅጥር ግቢ «አምቡላንሱ የት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚፈለገው ነጩ ላንድክሩዘርና ቁልፉን የያዘው ሹፌር ነው። ቃሉ ከሕክምና ወደ መኪና ተሸጋግሯል። ይህም የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ አገልግሎቱ የሚታቀደው፣ በጀት የሚያዝለት፣ የሚመዘገበውና የሚገመገመው እንደ መኪና ሆኗል። ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ይህ አስተሳሰብ ከሌላው ቦታ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው ጉድለት አለ፤ ምክንያቱም በዚያ መንኰራኩር የሚደርስበት ወሰን በዓይን ይታያል።

አስቀድሞ ግን ለተሠራው ሥራ ተገቢውን ዋጋ መስጠት ያስፈልጋል። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ800 በላይ አምቡላንሶችን ገዝቶ እያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ እንዲኖረው ማከፋፈሉ፣ ለወላድ እናቶችም አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ መወሰኑ በአገሪቱ የጤና ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውጭ የአምቡላንስ ሸክም በአመዛኙ የቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፎች ትከሻ ላይ ያረፈ ነበር። በትግራይ በስድስት ወረዳዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአንድ ዓመት ግምገማ፣ አምቡላንስ ከአማካይ በላይ ጥቅም ላይ በዋለባቸው ቀበሌዎች ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሞት በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 149 ሲሆን፣ ከአማካይ በታች በዋለባቸው 350 እንደነበር አሳይቷል። ጥናቱ መንሥኤና ውጤትን ለይቶ ለመመስከር የሚያስችል ዓይነት ባይሆንም (አምቡላንስ በብዛት የሚጠራበት ቀበሌ መንገዱም ስልኩም የተሻለ ሊሆን ይችላልና) ልዩነቱ ቸል የሚባል አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃም በተከታታይ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 5 በመቶ በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። የእናቶች ሞትም በ2011 ከተገመተው 676 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በዚህ ለውጥ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋት፣ የእናቶች ማቆያ ቤቶችና አምቡላንሶቹ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ማንኛው ምን ያህል እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው «ለአንድ ወረዳ አንድ መኪና» የሚለው የስርጭት ቀመር የአገልግሎቱ መለኪያ ሆኖ ሲቀር ነው። መኪናውን ማዕከላዊው መንግሥት ሰጠ፤ የሹፌሩ ደመወዝ፣ የውሎ አበሉ፣ ነዳጁ፣ ጎማውና ጥገናው ለወረዳው ተተወ። የወረዳ በጀት ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚሳሳ በወረዳ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሰኔ ደርሶ ምጥ የጠናባት እናት ዘመድ ነዳጅ እንዲያስሞላ ሲጠየቅ፣ በወረቀት ነፃ የሆነው አገልግሎት በተግባር ነፃ መሆኑ ያበቃል። አምቡላንስ ለስብሰባ፣ ለቁሳቁስ ማመላለሻና ለሌላ የአስተዳደር ጉዳይ ዋለ የሚለው ወቀሳም በየጊዜው ይሰማል። ብዙ ጊዜ ወቀሳው በሰዎች ሥነ ምግባር ላይ ያርፋል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም አንድን ነገር አስቀድሞ እንደ መኪና የተረከበ ጽሕፈት ቤት እንደ መኪና ቢገለገልበት ብዙ ሊያስደንቅ አይገባም።

የዚህ አስተሳሰብ ግልጽ ማስረጃ የጉዞ መዝገቡ ነው። እንደ ማንኛውም የመንግሥት ተሽከርካሪ በአብዛኛው የሚሞላው የመውጫና የመመለሻ ኪሎ ሜትር፣ የነዳጅ ሊትር፣ የሹፌሩ ስምና የፈቃጁ ፊርማ ነው። ጥሪው በስንት ሰዓት ደረሰ? መኪናው በስንት ሰዓት ተነሣ? ታካሚው ዘንድ በስንት ሰዓት ደረሰ? ሲነሣ የደም ግፊቱ ስንት ነበር? በመንገድ ምን ተሰጠው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው መዝገብ ስለ መኪናው ታሪክ የተሟላ መረጃ ይሰጥ ይሆናል፤ ስለ ታካሚው ግን ምንም አይናገርም። አንድ ዓመት ሙሉ 300 ጊዜ የተጓዘ አምቡላንስ ስንት ሰው እንዳተረፈ ቀርቶ ስንት ጊዜ ዘግይቶ እንደደረሰ እንኳ ከእንዲህ ያለ መዝገብ ማወቅ አይቻልም።

ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ከተማዋ በቅድሚያ የምታስተምረው የራሷ የሆነ ትምህርት አላት። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ከምዕራብ ጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከአዊና ከዚያም ርቆ ካለው አካባቢ የሚላኩ ሕሙማን መድረሻ ሆኖ ቆይቷል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በኋላ ተጨምሮለታል። ሁለቱም ከዐባይ ወንዝ በስተምዕራብ ይገኛሉ። ከወረታ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከሐሙሲትና ከመላው የፎገራ ሜዳ የሚመጣ ሕመምተኛ ግን የሚደርሰው ከወንዙ በስተምሥራቅ ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ተመርቆ እስኪከፈት ድረስ በከተማዋ ይህ ሁሉ ትራፊክ፣ የጭነት መኪናውም፣ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ እግረኛውም፣ አምቡላንሱም የሚያልፈው በአንድ አሮጌ ጠባብ ድልድይ ላይ ነበር። ድልድዩ በጤና ሚኒስቴር ዕቅድ ውስጥ የገባ አይደለም። ነገር ግን በደም መፍሰስ ወደ ፈለገ ሕይወት ለምትወሰድ እናት ከብዙ የጤና ፕሮጀክቶች የበለጠ ደቂቃ ያተረፈላት ሊሆን ይችላል።

በከተማዋ ውስጥ ቁስለኛን በብዛት የሚያነሣውም አምቡላንስ አይደለም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት አብዛኛው በአደጋ የተጎዳ ሰው የሚደርሰው በታክሲ፣ በባጃጅ፣ በግል መኪና ወይም በሰው ሸክም ነው። በባሕር ዳር ጎዳናዎች ይህ ሚና የባጃጁ ነው። የባጃጅ ሹፌር የተሰበረ አንገት እንዴት እንደሚያዝ አልተማረም፤ የሚደማን እግር በምን እንደሚያስር አላሳዩትም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። እርሱ ቢያንስ ቆሞ አንሥቷል። የጤና ሥርዓቱ ግን ይህን በየቀኑ የሚሠራ ሰው እንደ ባልደረባ ቆጥሮ የግማሽ ቀን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠናና አንድ ጥቅል ፋሻ ሊሰጠው በስፋት አላሰበም፤ ምክንያቱም ባጃጁ በወረዳው የአምቡላንስ ቁጥር ውስጥ አይቆጠርም።

ከከተማዋ ወደ ሐይቁ ሲዞሩ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ርዝመቱ ወደ 84፣ ወርዱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ሰሜን አቸፈር፣ አለፋ፣ ጣቁሳ፣ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራና ደራ ተሰልፈዋል፤ በውስጡም ደሴቶች አሉ። አንዳንዶቹ ገዳማት ብቻ ያሉባቸው ሲሆኑ፣ እንደ ደቅ ያሉት ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ከነቤተሰቡ የሚኖርባቸው ናቸው። በደቅ ምጥ የያዛት ሴት የወረዳዋ አምቡላንስ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ነዳጅ ይኑረው አይኑረው የመጀመሪያው ጥያቄዋ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ጀልባ አለ ወይ? ነው። ሁለተኛው ነፋሱ ይፈቅዳል ወይ? ሦስተኛው ማን ይከፍላል? ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ ይደርስ የነበረው የሕዝብ መርከብ ለረጅም ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚነሣና ጉዞውን በሁለት ቀን የሚፈጽም ነበር። ሳምንታዊ መርከብ ለቡና ነጋዴ ይበቃ ይሆናል፤ ለእንግዴ ልጅ መዘግየት ግን አይበቃም።

የደንገል ታንኳ ለዘመናት የዘጌን ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲያመላልስ ኖሯል። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ቀዛፊውም ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ሲል መነሣትን ይመርጣል። ሕመም ግን ጠዋትን አይመርጥም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ ጀልባ ወደ ዳር የሚጠጋባቸውን ቦታዎች በየወቅቱ ይዘጋል። ስለ እምቦጭ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ግጦሹና ስለ ሐይቁ ሕልውና። ታካሚ የያዘ ጀልባን እንደሚያግት የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም።

የብስ በሆነውም ዳርቻ ቢሆን መኪናው ዓመቱን ሙሉ አይገባም። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ወደ ሐይቅነት ይለወጣል፤ በመገጭ በኩል ደምቢያም እንዲሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የጣና ዙሪያ ጎርፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ሲያፈናቅል የታየው ይኸው ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህም በየክረምቱ በመጠኑ ይደጋገማል። እንዲህ ባለ ወቅት የወረዳው አምቡላንስ በዋናው አስፋልት ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሕመምተኛዋ በጭቃና በውኃ ውስጥ ወደ አስፋልቱ ትመጣለች። የምትመጣውም በቃሬዛ ነው።

እዚህ ላይ በአምቡላንስ ውይይት ሁሉ በስተኋላ የሚጠቀሰው ቃሬዛ በቅድሚያ ሊነሣ ይገባዋል። በጎጃምና በጎንደር ገጠር የጎረቤት ወጣቶች እየተቀባበሉ ሕመምተኛ የሚሸከሙበት ቃሬዛ፣ በእድርም ሆነ በጉርብትና ግዴታ የተደራጀ፣ ደመወዝና ነዳጅ የማይጠይቅ አገልግሎት ነው። በሌሊት ይወጣል፤ መንገድ በሌለበት ይሄዳል። በጤና ሥርዓቱ ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ «ባህላዊ አምቡላንስ» ተብሎ ዘመናዊው እስኪደርስ የሚታገሡት ነገር ሆኖ ይቀርባል። የተሸካሚዎቹ ጉድለት ጉልበት ወይም ፈቃደኝነት አይደለም፤ ጉድለታቸው እውቀት ያለው አንድ ሰው አብሯቸው አለመኖሩ ነው። የምትደማ ሴት በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሯ ዝቅ ብሎ ለሦስት ሰዓት ትጓዛለች። ራሷን የሳተች እናት በጎኗ መተኛት እንዳለባት የሚያውቅ የለም። ማሕፀኗ ሲላላ በእጅ ማሸት እንደሚቻል የነገራቸው የለም። ይህን ለማስተማር የሚያስፈልገው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ሕዝብ ሬሳውንም በሽተኛውንም በአንድ ድርጅት መሸከሙ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ሌላ አገር መጥቀስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ስለ አደጋ ሞት ያወጣው ዝነኛ ዘገባ እንደገለጸው፣ በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ አምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት የቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። አስከሬን ተጋድሞ የሚሄድበት ረጅም መኪና ስላላቸው ብቻ ነው። የተለወጠው መኪናው በመቀየሩ አይደለም። በዓመቱ በፒትስበርግ ከተማ ዶክተር ፒተር ሳፋርና ባልደረቦቹ ሂል ዲስትሪክት ከሚባለው ድኻ የጥቁሮች ሰፈር ሥራ አጥ የነበሩ ሰዎችን አሠልጥነው ፍሪደም ሃውስ የተባለውን አገልግሎት አቆሙ። እነዚህ ሰዎች የሰፈራቸውን መንገድና ደጃፍ ያውቁ ነበር፤ በሥልጠናው ደግሞ የመተንፈሻ ቧንቧ ማስገባትን፣ የደም ሥር መክፈትንና የልብ ምት መከታተልን ተማሩ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ቢዘጋም ዶክተር ናንሲ ካሮላይን በዚያው ልምድ ላይ ተመሥርታ ያዘጋጀችው መጽሐፍ ለአገሪቱ የፓራሜዲክ ሥልጠና መሠረት ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር እድርን ይመለከታል፤ ተሸካሚው አለ፣ የሚጎድለው ሥልጠናው ነው።

በአገር ውስጥም ሙከራዎች አሉ። በአዲስ አበባ የማደንዘዣ ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤታቸውን ሸጠው የመሠረቱት ጠብታ አምቡላንስ፣ መኪናው ውስጥ የሠለጠነ ባለሙያ መኖርን የአገልግሎቱ መለያ ማድረጉ ትክክለኛ አቅጣጫ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ጀምሯል። ነገር ግን የግል አምቡላንስ የሚደርሰው ከፋይ ባለበት ነው፤ ስፔሻሊስቱም ሆስፒታል በር ላይ ይጠብቃል። በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች አምቡላንስ ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ ሰው መኖሩ በአብዛኛው የሚወሰነው የላከው ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ነርስ ለመልቀቅ በመቻሉና ባለመቻሉ ነው። በጤና ጣቢያው ያለችው አንዲት አዋላጅ ብቻ ከሆነች፣ ከአንዷ ጋር ስትሄድ በማዋለጃው አልጋ ላይ ያለችውን ሌላዋን ትታ ነው የምትሄደው። ይህን ምርጫ ለአንዲት ነርስ ሕሊና ትቶ የሚኖር ሥርዓት ተሟላ ሊባል አይችልም።

የሕክምናው አስፈላጊነት ደግሞ ከሰዓት ስሌት ይነሣል። ሰሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ሦስቱን መዘግየቶች ካብራሩ ወዲህ፣ ለመሄድ መወሰን፣ ተቋሙ ዘንድ መድረስ፣ ደርሶም መታከም የሚሉት ቃላት ለማንኛውም የጤና ባለሙያ የታወቁ ናቸው። አምቡላንስ ለሁለተኛው መዘግየት መልስ ሆኖ ገባ። ይሁንና ያልታከመ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ከጀመረ በአማካይ በሁለት ሰዓት ገደማ እንደሚገድል፣ ከወሊድ በፊት የሚከሰተው ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚሰጥ ከተገመተ ቆይቷል። ከደቅ ወይም ከጎርፍ ዳር ለሚመጣ ሰው ሁለት ሰዓት ጀልባ ለማግኘት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ጉዞን ማፋጠን ብቻውን እዚህ አያዋጣም፤ ሕክምናው ራሱ በጉዞው ውስጥ መጀመር አለበት። ማሕፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ እርሱን በቅዝቃዜ ማቆየት በማይቻልበት ሚሶፕሮስቶል፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ለምታንቀጠቅጥ እናት የመጀመሪያው የማግኒዥየም ሰልፌት መጠን፣ እነዚህ ሁሉ በላንድክሩዘር ወለልም በጀልባ ወለልም ሊሰጡ የሚችሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተደረገ ሰፊ ጥናት የሚፈሰውን ደም በመለኪያ ከረጢት ቶሎ ለይቶ ሕክምናዎቹን በአንድነት ወዲያው መጀመር ከባድ የደም መፍሰስን፣ በእርሱ ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን ወይም ሞትን በጥቅሉ በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ በሆስፒታል እንጂ በመንገድ ላይ የተደረገ አይደለም። ቢሆንም መለኪያው ቀላል ከረጢት፣ ሕክምናውም የታወቀው መሆኑ ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ስለ መጓጓዣው ዓይነትም ቢሆን ከላንድክሩዘር ሌላ ማሰብ ይቻላል። የሌላ ታላቅ ሐይቅ ዳርቻ በሆነው የማላዊ ማንጎቺ አውራጃ በጤና ጣቢያዎች የተመደቡ የሞተር ብስክሌት አምቡላንሶች ለወሊድ ችግር የሚደረገውን ሪፈራል ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል እንዳሳጠሩ፣ የመግዣ ዋጋቸውም ከመኪናው በ19 እጥፍ እንደሚያንስ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ይገልጻል። ቬኒስ አምቡላንሷን በጀልባ ካደረገች ቆይታለች፤ ከተማይቱ የተሠራችው በውኃ ላይ ነውና ሌላ ምርጫ የላትም። የጣና ደሴቶችም ሌላ ምርጫ የላቸውም። ልዩነቱ የቬኒስ ዕቅድ አውጪዎች ከተማቸው በውኃ ላይ መሆኗን አለመርሳታቸው ነው። የወረዳ ቀመር ግን ወረዳው ሁሉ የብስ እንደሆነ አድርጎ ይጀምራል። በጣና ላይ የቱሪስት ጀልባዎች ያሏቸው ማኅበራት አሉ፤ ከእነርሱ ጋር በቅድሚያ የሚፈረም ውል፣ የተወሰነ የነዳጅ ተቀማጭና በአንድ ስልክ የሚነሣ ተረኛ ጀልባ አዲስ ጀልባ ከመግዛት በፊት ሊሞከር የሚችል ነው። አዲስ የተገዛ ጀልባ በዓመቱ መለዋወጫ አጥቶ ዳር ላይ ቢገለበጥ፣ ያው የመኪናው ታሪክ በውኃ ላይ ተደገመ ማለት ብቻ ይሆናል።

ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሯል። በነሐሴ ወር መጀመሪያ ባሕር ዳርን ጨምሮ በስድስት ከተሞች ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ምጥ በአብዛኛው ሌሊት እንደሚጠና ለሚያውቅ ባለሙያ ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ባጃጅ ቆመ፤ ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ መውጣት ፈራ። ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ወገል ጤና ከተማ አንድ አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ቢያንስ አራት ሰዎች መሞታቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ አስፍሯል። ከመልካ ዲዳ እስከ ወገል ጤና ወደ 88 ዓመት አለ። በጄኔቫ ስምምነቶች መሠረት የተጠበቀው አምቡላንሱ በያዘው ሰውና በሚሰጠው ሕክምና ምክንያት ነው፤ ምልክቱም የሚከበረው መኪናው ለሕክምና ብቻ ሲውል ነው። በሰላሙ ጊዜ ለስብሰባና ለጭነት ሲውል የኖረ መኪና በጦርነት ጊዜ በኬላ ላይ ያለው ታጣቂ ምን እንደያዘ ቢጠራጠርበት፣ ጥርጣሬው ጥቃትን ፈጽሞ ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን ምልክቱን በሰላም ጊዜ ያረከሰው ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደረስም ነገሩ አያልቅም። ሹፌሩ ሕመምተኛዋን አውርዶ የሪፈራል ወረቀቱን ለዘመድ ሰጥቶ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረችበት ሁኔታ ነው። ደም ቢያስፈልጋት ዓይነቱ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ የሚያደርግ የስልክ ጥሪ ከመንገድ አልተደረገም። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ስልክ መደወል የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ የአምቡላንስ ሹፌሮች የግል ስልክ ቁጥር በየጤና ኬላው ግድግዳ ተለጥፎ በየመንደሩ እየታወቀ፣ የተቀባዩ ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም ቁጥር ግን ሹፌሩ ኪስ ውስጥ የለም። ጥሪው ወደ ታካሚው ይሄዳል፤ ከታካሚው ወደ ሆስፒታሉ ግን አይቀጥልም።

በመጨረሻም የመመለሻው ጉዞ አለ። አገልግሎቱ የተቀረጸው ሕመምተኛን ለመውሰድ ነው። ወልዳ የዳነች እናት ከአራስ ልጇ ጋር፣ ወይም ሕፃኗን አጥታ፣ ወይም አስከሬኗ፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደልጊ ወይም ወደ ደቅ እንዴት ይመለሳል የሚለው በብዙ ወረዳ ዕቅድ ውስጥ ቦታ የለውም። የአስከሬን ማጓጓዣ ኪራይ በገጠር ቤተሰብ ላይ የሚጥለው ዕዳ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ «ሄዳ ብትሞትስ?» የሚለው ስጋት ሴትን ቤት የሚያስቀር የመጀመሪያው መዘግየት አንዱ መንሥኤ ነው። በዚህ ረገድ የሁለተኛው መዘግየት መድኃኒት ተብሎ የተገዛው መኪና በአንድ አቅጣጫ ብቻ በመሄዱ የመጀመሪያውን መዘግየት ያባብሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በደሴት ወይም በሐይቅ ዳር ቤት ተቀምጣ በተቋም መውለድን ስትመክር፣ አማት ወይም ባል መጨረሻ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ስለ መሄጃው ሳይሆን ስለ መመለሻው ነው፤ እርሷም እስካሁን የምትሰጠው መልስ በእጇ የለም።